ስንቱን አይተህ ነው?

በካርቱም የሐበሻ ጀበና በተጣደበት ሁሉ በሕዝብ ላይ ይፈረድ ነበር። ዴም በሚባለው ሰፈር ቁጭ ያለው ሐበሻ በሱዳኑ ላይ ይፈርድ ነበር፤ ማዶ ሱቅ ያለው ሱዳናዊ በሐበሻው ላይ ይፈርድ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ቤቱንም ሰፈሩንም በተነ፤ ፍርዶቹ ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር ገላባትንና መተማን ተሻግረው ገቡ። እዚያው ቢቀሩ ደስ ባለኝ ነበር። ስላልቀሩ አንድ በአንድ እመልስላቸዋለሁ። መልሴን የምወስደው ከማኅበራዊ ሥነ ልቦና ነው፤ ሰው በሰው መካከል ሲሆን የሚያስበውን፣ የሚሰማውንና የሚያደርገውን ከሚመረምረው ትምህርት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሱዳን ሰነፍ ነው። በጠራራ ፀሐይ ይተኛል።»

በጠራራ ፀሐይ ያልተኛኸው አንተ የት ነበርክ? ካርቱም በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ትነዳለች። ቀትር ላይ አንተም ጥላ ሥር ጋደም ብለሃል። አንተ ስትተኛ ሙቀቱ፣ እሱ ሲተኛ ጠባዩ? በ1967 ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ ይህንኑ አድልዎ በሙከራ አሳይተዋል። ተማሪዎች ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፈ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። «ጸሐፊው ወገኑን አልመረጠም፤ ታዝዞ ነው የጻፈው» ተብሎ ተነግሯቸው እንኳ፣ ካስትሮን የሚደግፍ ጽሑፍ ያነበቡት ጸሐፊውን ካስትሮን ወዳድ አድርገው ገመቱት። ሊ ሮስ በ1977 ይህን ዝንባሌ «መሠረታዊ የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት» አለው፤ የሌላውን ሰው ሥራ ከጠባዩ ብቻ መምዘዝ፣ ያለበትን ሁኔታ መርሳት ማለት ነው። ኩርት ሌቪን ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የሰው ባሕርይ ከሰውዬውና ከአካባቢው ተጋብቶ እንደሚወለድ አስተምሯል። ሰውዬውን ከመመዘንህ በፊት ቴርሞሜትሩን ተመልከት።

«እኔ ሱዳኖችን አውቃቸዋለሁ። በሦስት ቤት ሠርቻለሁ፤ ሁሉም አንድ ናቸው።»

እህቴ፣ የምታውቂው ሠራተኛ መቅጠር የሚችለውን ሱዳን ነው። በጠዋት ምድጃዋን ተሸክማ የምትወጣውን ሻይ ሻጯንስ? ረክሻ ነጂውንስ? ከዳርፉር ተፈናቅሎ ከከተማው ዳር የሰፈረውንስ? በደልሽ እውነት ነው፤ ማንም አይክድሽም። ከሦስት ቤት ተነስቶ ወደ ሚሊዮኖች መሄድ ግን መንገዱ የለም። ተመራማሪ ይህን የናሙና ጉዳይ ይለዋል፤ ስለ ብዙኃኑ መናገር የሚቻለው እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ሲኖረው ነው። ሱዳኖቹም ሐበሻን በመጥረጊያና በቡና ስኒ ብቻ አይተው «ሐበሻ ማለት ይኸው ነው» አሉ። አንቺን ያስቆጣሽ ስሕተት እንዳይደገም አንቺው ጀምሪ።

ለተመራማሪውም መልስ አለኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው በየትኛው መዝገብ ላይ ተገኝቶ ነው ዕጣ የምታወጣበት? ስለዚህ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ የሚሄድ ናሙና ትወስዳለህ። ውሰድ። ግን የጠቆሙህ ሰዎች የሚተዋወቁት ብቻ መሆናቸውን ጻፍ፤ ከቤት የማትወጣዋ ሠራተኛ በጥናትህ እንደሌለች ተናገር። ስሟንም አትመዝግብ፤ ለአንተ መረጃ የሆነው ወረቀት ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቀን ለእሷ መያዣ ነው።

«በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ኖርን። መቀራረብ ጥላቻን ያጠፋል ያሉት የታለ?»

ያለው ጎርደን ኦልፖርት ነው፤ ያለውን ግን ግማሹን ነው የሰማሽው። በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተባበር፣ የሕግና የባለሥልጣን ድጋፍ። ፓስፖርትሽ በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ምን እኩልነት አለ? ከሻ በየማዕዘኑ እየጠበቀሽ የትኛው የሕግ ድጋፍ? ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው መቀራረብ በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ፤ የኦልፖርት ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ቅነሳው ይበረታል። እመቤትና አገልጋይ በአንድ ወጥ ቤት መዋላቸው መቀራረብ አይባልም። መቀራረብ የምንለው ሁለቱም «እምቢ» ለማለት ሲችሉ ነው።

«ሐበሻ በገባበት ሰፈር ኪራይ ይወደዳል። ዳቦውንም የጨረሰው እሱ ነው።»

ይህ ደግሞ የባለአገሩ ፍርድ ነው፤ መልሱ ለእሱ ይሁን። ጎረቤቴ፣ ሐበሻው የገባው ኪራዩ ከመወደዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ ሌላውን ወለደው አይባልም፤ ተዛምዶ መንስኤ አይደለም። በ1983 የደቡቡ ጦርነት እንደገና ፈነዳ። በ1984 ድርቁ ኮርዶፋንንና ዳርፉርን አደረቀ። የገዛ አገርህ ሰው በሺዎች ሆኖ ወደ ካርቱም ጎረፈ፤ የመንግሥት ካዝናም ደረቀ። ከዚያ ሁሉ መካከል የተከሰሰው አክሰንቱ የሚለየው ስደተኛ ሆነ። በ1974 የወጣው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ስለነበር፣ በከተማው የተገኘ ሁሉ በሕግ ዓይን ጥፋተኛ ነበር፤ ጥፋተኛ በቁሙ ሲገኝ ማን ሌላ መንስኤ ይፈልጋል? ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ በ1996 ባሳተመው ጥናት በካርቱም ያሉትን የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞች መርምሮ፣ የከተማውን እጥረት በእነሱ ላይ የሚደፈድፈውን ክስ ፈተነ። ለጥናቱ የሰጠው ርዕስ ዐይን ማየት ስለማይፈልገው ነገር ይናገራል። እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቶ የሚከስ ካለ ይክሰስ፤ ያልሠራ ግን የዳቦ ሰልፉን ለማሳጠር ሐበሻ አይቁጠር።

«ስደተኛ ውሸታም ነው። ለዩኤንኤችሲአር የቤተሰቡን ቁጥር ይጨምራል።»

ለማን ዋሸ? ያው ሰው የሰፈሩን ዕቁብ ያለ ደረሰኝ ይሰበስብ የለም ወይ? አንድም ሰው ሳይከዳ ዕጣውን ያወጣ የለም ወይ? ጋይም ክብረአብ በ2004 ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል፤ በሱዳን የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ፊቱን የማያውቁትን ተቋም ማታለልን ጎረቤትን ከማታለል ለይተው ያዩት ነበር። እርስ በርስ ያለው መተማመን አልፈረሰም። ስለዚህ «ውሸታም» የሚለው ቃል በሰውዬው ላይ ሲለጠፍ ሐሰት ይሆናል፤ ሁኔታው ሲገለጽ እውነቱ ይወጣል። ቅጽ ይዘህ የምትሄድ ጠያቂ ሆይ፣ መልሱ የአንተንም ማንነት ያንጸባርቃል። ራሽን የሚያስቆርጥ ከመሰልክ ሌላ መልስ፣ እንደ ጎረቤት ከቀረብክ ሌላ መልስ ታገኛለህ።

«እኔ ሳልሆን ሱዳኑ ራሱ ነው ሐበሻ አልወድም ያለኝ።»

ካለህ በኋላ ቡናውን የት ጠጣ? የሚባለውና የሚደረገው ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሪቻርድ ላፒየር ከ1930 ጀምሮ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ፤ ቻይናዊ በሚጠላበት ዘመን። ወደ 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገቡ፤ የመለሳቸው አንድ ብቻ ነው። በኋላ ለእነዚሁ ቤቶች «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ?» ብሎ ጻፈ። ከመለሱት 128 ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ «አናስተናግድም» አሉ። ጥናቱ ሲታተም 1934 ነበር። ጉድለትም አለው፤ ደብዳቤውን የመለሰው በር ላይ ከተቀበላቸው ሰው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ተመራማሪ አብሯቸው መሆኑም ለውጥ አምጥቶ ይሆናል። ትምህርቱ ግን ጸንቷል፦ መጠይቅ የሚለካው አፍን ነው። እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ምልከታ ያስፈልጋል። ይህ በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ «ወንድማማች ሕዝቦች ነን» እያለ ኪራይ እጥፍ የሚጠይቅ አከራይም አለና አፉን አትመን።

«እስላምና ክርስቲያን አንድ ቡድን አይሆንም።»

ቤሩት ሂድና ጠይቅ። ቱርክ የተወለደው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በኦክላሆማ 22 ልጆችን ለሁለት ቡድን ከፍሎ በውድድር አጣላቸው፤ ከዚያ ውሃ ሲቋረጥና መኪና ሲቆም ካልተባበሩ የማይወጡበት ችግር አምጥቶ አስታረቃቸው። ሉትፊ ዲያብ ይህን ሙከራ በ1963 በቤሩት ደገመው፤ በየቡድኑ ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች ቀላቅሎ። ጠቡ ከረረ፤ ቢላዋ እስኪመዘዝና ሙከራው እስኪቋረጥ ደረሰ። የተሰነጠቀው ግን በሃይማኖት አልነበረም፤ ካምፑ ውስጥ በተሰጣቸው የቡድን ስም ነበር። በቀናት ውስጥ የተሠራ «እኛ» በትውልድ የመጣውን «እኛ» በለጠው። እንግዲህ የሚያጣላን ደም ነው የምትል ከሆነ፣ እነዚያን ልጆች አስረዳልኝ።

«ዘመኑ ከፍቷል። ሰው ወድቆ ቢያይ ማንም እጁን አይዘረጋም።»

ማንም? ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሕመም የጣለውን ሰው ድምፅ ብቻውን ሆኖ ከሰማው 85 በመቶው ለመርዳት ተነሳ። ሌሎች አራት ሰዎች አብረው የሚሰሙ የመሰለው ግን 31 በመቶው ብቻ ነው የተነሳው። ልቡ ስለጨከነ አይደለም፤ «ሌላው ይረዳዋል» ስላለ ነው። ይህ አንዱ ወገን ነው። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች የመንገድ ካሜራ የቀረጻቸውን 219 ጠቦች ተመለከተ፤ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ገብቶ ገላገለ። ሙከራው ስለ አንድ ሰው ማመንታት ተናገረ፤ ካሜራው ስለ አደባባዩ መሰከረ። ሁለቱንም ያዝ።

ካርቱምንም ተመልከት። በጦርነቱ ሆስፒታሎች ሲዘጉ፣ መንግሥት ሲጠፋ፣ የሰፈር ወጣቶች የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎችን አቋቋሙ፤ ድስት ጥደው ሰፈር አበሉ፣ ቁስለኛ አወጡ። ነፊር የሚሉትን የደቦ ልማድ በ2013 ጎርፍ ጊዜ በተግባር አይተውት ነበር። ተጠያቂው «አንድ ሰው» ሳይሆን ስሙ የታወቀ ጎረቤት ሲሆን፣ እጅ ይዘረጋል።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥናት ነው። እኛን አይመለከትም።»

ግማሹን እውነት ተናገርክ፤ ግማሹን ደግሞ ሰነፍክ። ጆሴፍ ሄንሪችና ባልደረቦቹ በ2010 እንደጠቀሱት፣ በታላላቅ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ የምዕራብ አገሮች ነበሩ፤ እነዚያ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ የያዙት 12 በመቶ ነው። በ2015 ደግሞ 100 ጥናቶች እንደገና ተሞክረው፣ የመጀመሪያውን ውጤት በአኃዝ ያጸኑት ከ40 በመቶ ያነሱ ናቸው። ይህን ያጋለጠው ግን ራሱ ሳይንሱ ነው። ሩፋዓ የተወለደው ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪም በ1979 መጽሐፉ የምዕራቡን ሥነ ልቦና ሳያኝኩ መዋጥን አጥብቆ ተቃወመ፤ በተቃውሞ ብቻ ግን አልቆመም፤ ዕድሜውን በማስተማርና በመመራመር አሳለፈ። አንተም «አይመለከተኝም» ካልክ የሚመለከትህን ሥራ። መላምትህን ጻፍ፣ የምትለካውን ግለጽ፣ የምታነጻጽረውን አስቀምጥ፣ ሰውዬውን አስፈቅድ፣ ውጤትህን ለሰጠህ ሰው መልስ።

«አሁን ደግሞ ሱዳኖች አዲስ አበባን ሞሉት። ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው።»

ይህን ዐረፍተ ነገር የት ሰማሁት? ዴም። ያኔ ተከሳሹ አንተ ነበርክ። ሰዎቹ ወንበር ተለዋወጡ፤ ክሱ ግን አንድ ቃል አልተለወጠም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ትፈልጋለህ? ሰው ባለቤት ሲሆን የሚናገረውን ይናገራል፤ እንግዳ ሲሆን የሚባለውን ይባላል። ጉዳዩ የሐበሻም የሱዳንም ጠባይ አልነበረም። ክሱ ደግሞ በአፍ አይቀርም። በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያን ተዘርፈዋል፣ ተጠቅተዋል፤ በሜይ 2024 ብዙዎች «ደኅንነት የለንም» ብለው መጠለያውን ጥለው ወጥተዋል። ለዘመናት ጥገኝነት የሰጠን ሕዝብ ልጆች ናቸው።

«ሁሉም ሰው የሚለው ነው። እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ?»

ብዙ ታመጣለህ። ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ሰዎችን አስቀምጦ የመስመር ርዝመት አስገመታቸው፤ አብረው የተቀመጡት የእሱ ተባባሪዎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሰጡ። ከተፈተኑት ሦስት አራተኛው ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ እጅግ ወረደ። አንድ ሰው በቂ ነበር።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቡና በሚጠጣበት፣ ታክሲ በሚጠበቅበት፣ ቤት በሚከራይበት ሁሉ ስለ ሱዳኖች የጅምላ ፍርድ ሲሰማ ያ አንድ ሰው አንተ ሁን፣ አንቺ ሁኚ። ስንቱን እንዳየ ጠይቁት፤ ከማን ጋር እንዳነጻጸረ ጠይቁት፤ በእነሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁት። የሚያከራይ ቤት ያላችሁ ደግሞ ለሱዳናዊው የምትጠይቁት ዋጋ ለሐበሻው የምትጠይቁት ይሁን።