አሥራ ሁለት ዓመት ለአንዲት «ኤስ»

ሰለቸን። ጎንደር ከተማ ያለ ልጅም ሆነ ከደባርቅ ወዲያ ጃናሞራና በየዳ ያለ ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል። ክፍል በተቀየረ ቁጥር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ርእስ ግን ያው ነው፤ «ሰብጀክት ቨርብ አግሪመንት»። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ሲሆን ግሱ «ኤስ» ይጨምራል፤ «አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ» ሲሆን አይጨምርም። ልጁ ኖቱን ይገለብጣል፣ ክፍት ቦታ ይሞላል፣ ቾይስ ያከብባል። በዓመቱ መምህሩ ሲቀየር ያንኑ ኖት እንደገና ይገለብጣል። 12ኛ ክፍል ደርሶ እናትህ ምን ትሠራለች ቢሉት ግን መልሱ «ማይ ማዘር ሴል ኢንጀራ» ነው። ወላጁም መምህሩም ይህን እያየን አንገት ከመነቅነቅ አላለፍንም።

የሚያናድደው ደግሞ ልጁ የባለቤትና የግስ መስማማት የሚባል ነገር እንደማያውቅ መቆጠሩ ነው። ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ይህን ሁሉ ሳያደናግር ይናገራል። እንግሊዝኛ ለአብዛኞቹ ግሶቹ የቀረችው ያቺው የአሁን ጊዜ «ኤስ» ናት። ታዲያ ልጁ የሚሳሳተው ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ቋንቋ ሕግ አክብሮ ነው። አማርኛ «ብዙ ሰው መጣ» ስለሚል «ሜኒ ፒፕል ኢዝ» ብሎ ይጽፋል። ጎንደር ላይ ታላቅን አንቱ እያለ ስላደገና አያቱን «መጡ» እንጂ «መጣ» ስለማይል «ማይ ግራንድፋዘር ሃቭ ካም» ይላል። ፀሐይ «ወጣች» ስለምትባል «ሺ» ይላታል። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ግን የለም፤ የሚጠብቀው ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ይህች «ኤስ» የቋንቋው ተወላጆችንም ታስቸግራለች። አሜሪካዊው ሮጀር ብራውን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሦስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናትን ከተከታተለ በኋላ 14 የሰዋስው ምልክቶችን በሚለመዱበት ቅደም ተከተል አስቀምጧል። የግሷ «ኤስ» የመጣችው 10ኛ ላይ ነው። የእንግሊዝ አፍ ያላቸው ልጆች ብዙ ተናግረው፣ ብዙ ሰምተው፣ ዘግይተው የሚይዟትን እኛ ልጆቻችን አፋቸውን ሳይፈቱ ከደጃፉ ላይ አቁመን እንጠይቃቸዋለን። በተውላጠ ስምም ከቋንቋው ባለቤቶች በላይ ጥብቅ እንሆናለን። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአጻጻፍ መመሪያ «ዜይ» ለአንድ ሰው እንዲያገለግል ደግፏል፤ በእኛ ክፍል ግን «ኤቭሪ ስቱደንት» ብሎ ጀምሮ በ«ዜር» የጨረሰ ልጅ ዛሬም ማርክ ይቀነስበታል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የማስተማሪያውን መንገድ ከደጃችን አጥተነው አለመሆኑ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ የሚያወርደው በቃሉ ነው። ከዚያ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ነገም ሌላ ይቆጥራል። ባለቤቱና ግሱ ልጁ ራሱ በፈጠረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካልገጠሙ ቅኔው አይቆምለትም። የእኛ የእንግሊዝኛ ተማሪ ግን የራሱን ዓረፍተ ነገር ሳይሠራ ዓመቱ ያልቃል። ብሔራዊ ፈተናው በቾይስ ስለሆነ መምህሩም ለቾይስ ያስተምራል። ክፍል ሙሉ ተማሪ ደብተር አርሞ መዝለቅም አይቻለውም። አንድ ልጅ ደፍሮ ተነሥቶ «ሺ ጎ» ቢል ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፤ ያ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እንዲህ አድርገን ዝም ያሰኘነውን ልጅ «እንግሊዝኛ አይችልም» እንለዋለን።

ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ አላሳብብም፤ ጥያቄውን ሳይረዳ የሚያከብብ ልጅ ግን ስንት እንደሆነ አስተማሪ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። እነሱ ሲመለሱም ያንኑ የሰሌዳ ኖት ልንሰጣቸው ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ልጁ በየቀኑ ስለ እናቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰፈሩ የራሱን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገር። የሚስቅበት ይገሠጽ። መምህሩም መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለገ ይስማው፤ «ኤሷን» ከዚያ በኋላ ያርምለት። ብሔራዊ ፈተናውም አንድ አንቀጽ ያስጽፍ፤ ፈተናው ካላስጻፈ ክፍሉ አያስጽፍም። ይህ ካልሆነ የዛሬው አንደኛ ክፍል ተማሪም አሥራ ሁለት ዓመት ያንኑ ኖት ሲገለብጥ ይኖራል፤ እኛም ያንኑ እሮሮ ስናሰማ።