ውሮ ለሙከራ ስትመዘገብ

ሸዋ ሮቢት ላይ ድመት ቢያስነጥሳት ዘወር ብሎ የሚያያት የለም። ግመል ካስነጠሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እና 1996 የኢትዮጵያን ግመሎች አንድ የመተንፈሻ በሽታ ሲያስላቸው ተመራማሪዎች ናሙና ቀዱ፣ የበግና የፍየሉን ደስታ መሰል በሽታ ቫይረስ ዱካ አገኙ፣ ጥናትም አሳተሙ። ግመል ሀብት ነው። የሸዋ ሮቢት ድመት ግን ተቀጣሪ ናት፤ ማሽላውንና ማሾውን ትጠብቃለች፣ ደመወዟን ራሷ አድና ትበላለች።

እንበልና በውጭ አገር የእንስሳት ሆስፒታሎች የተለመደው ዓይነት ክሊኒካዊ ሙከራ፣ ለድመት ጉንፋን መድኃኒት፣ ወደዚህ ቆላ ወረደ። አንድ ወጣት ሐኪም ቅጹን ይዞ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ በር ላይ ተቀመጠ። ድመቷ አፍንጫዋ ተደፍኖ፣ ዓይኗ ዓይናር ይዞ፣ ጆንያ ላይ ተኮራምታለች።

«ስሟ ማነው እትዬ?»

«ውሮ።»

«ባለቤቷስ?»

እዚህ ላይ ዝምታ ሆነ። ቁርሷን እዚህ ትበላለች፣ ምሳዋን ሥጋ ቤቱ ደጃፍ፣ አዳሯ ደግሞ የጎረቤት ማሾ መጋዘን ነው።

«ዕድሜዋ?»

«የሮቢ ወንዝ የሞላ ዓመት ነው የተወለደችው።»

«የትኛው ዓመት?»

«የቱ ዓመት ሳይሞላ ቀረና ልጄ!»

«ከቤት ትወጣለች?»

«ትገባለች ወይ ብለህ ጠይቀኝ።»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እስካሁን ስለተሰጣት መድኃኒት ነበር። ዳማከሴ ተጨምቆ አፍንጫዋ ተቀብቷል፣ ቅቤም ልሳለች። ፓራሲታሞል ግን ገና ሊሰጣት ታስቦ ነበር። የሐኪሙ እስክሪብቶ ከእጁ የወደቀው ይኼኔ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው አጣርቶ ማስወገድ አይችልም፤ ለራስ ምታት የምንውጣት አንዲት ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። «ግማሾቹ ድመቶች መድኃኒቱን ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን። የትኛው ለማን እንደደረሰ እኔም አላውቅም።»

«አንተም አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ዶክተር ያሉህ ለምንድነው?»

ጥያቄው የሚያስቅ ይምሰል እንጂ ሙከራ የሚባለው ነገር የቆመው በዚሁ አለማወቅ ላይ ነው። የድመት ጉንፋን በአብዛኛው ከሁለት ቫይረሶች፣ ከሄርፒስና ከካሊሲ ይመጣል፤ ብዙዎቹም ድመቶች በሳምንት በሁለት ሳምንት በራሳቸው ይድናሉ። ምስጋናውን የሚወስደው እንግዲህ በዚያ ሰሞን የተቀባው ወይም የተላሰው ነው። እትዬም ብቻቸውን አይደሉም። ፈረንጆቹ ላይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ድመታቸው ባስነጠሳት ቁጥር ለዓመታት ሲያበሏት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ጥቅም እንደሌለው ታየ፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ድመቶች ላይ በሽታውን ሳያብስ አልቀረም። ዳማከሴ ቢያንስ ሽታው ደስ ይላል።

አሁን የቀረው መንገዱ ነው። እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚያስተናግድ ቢገኝ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው እንበል። ውሮ በቅርጫት ታስራ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ዶሮ ጋር ተፋጣ፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነሥታ በደብረ ሲና ዳገት ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ትወጣለች፤ የመንገዱን ዋሻ አልፋ ብርዱ ይቀበላታል። የሄርፒሱ ቫይረስ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ድመቷ ስትጨነቅ ይቀሰቀሳል። ድና የተሳፈረች ድመት ከጉዞው ቀናት በኋላ እንደገና ማስነጠስ ልትጀምር ትችላለች ማለት ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ ቢጨምሩ አይከፋም።

«ለክትትል ሦስቴ ትመላለሳላችሁ» አለ ሐኪሙ ቅጹን እያዞረ። «ትራንስፖርቱ ይሸፈናል።»

«ውሎ አበልስ?»

«ለእርስዎ?»

«ለእኔማ ይቅር። እሷ ቢሾፍቱ ስትውል ማሾውን የሚጠብቀው ማነው? ለእሱ ነው እንጂ።»