ማብሪያ ማጥፊያው ማን ጋ ነው?

የኮሮና ሰሞን የማይመክር አልነበረም። እጅህን ታጠብ፣ ራቅ ራቅ በል፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልተህ ጠጣ። ስልክ ስትደውል እንኳ የፈለግኸው ሰው «አቤት» ከማለቱ በፊት ቴሌ ስለ ቫይረሱ አንድ ዙር ይመክርሃል። ከምክሩ ሁሉ ቃሊቲን ያሳቃት ግን የአንድ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወጣት ምክር ነው። ተራማጁን፣ ተቃዋሚውን፣ አብዮተኛውን፣ በጠቅላላው ባለሥልጣን ሲያየው ፊቱ የሚጠቁርበትን መጽሐፍ ሁሉ ሰብስበን ዓውደ ርእዩን ኦንላይን እናድርገው አለ። ውይይቱ በዙም፣ መጽሐፉ በፒዲኤፍ፣ አንባቢው ከነፒጃማው።

ምክሩን የነገረው ለማይሆን ሰው ነው። መናኸሪያው አካባቢ መጽሐፍ ክንዱ ላይ ቆልሎ ለሚያዞር፣ ከመጽሐፉ በፊት ምላሱ ለሚሸጥለት ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። አልሰሙም?»

«እኔ የፖለቲካ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ። መች ከአራት በላይ ገዢ ተሰብስቦልኝ ያውቃል?»

«ቢሆንም ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል።»

«ደራሲዎቹ ከመንግሥት ርቀታቸውን ጠብቀው ቢሆን ቃሊቲን በምን ያውቋት ነበር?»

ክልከላው እውነት ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገለጸ፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ማስከፈል ጀመረ። (መጽሐፍ ያኔ ግማሽ ገጽ ይዞ እጥፍ አላስከፈለም። በኋላ የወረቀት ዋጋ ሲሰቀል እሱም ታክሲውን ደረሰበት።) እንደ «ንባብ ለሕይወት» ያሉት የመጻሕፍት ዓውደ ርእዮች የለመዱት ኤግዚቢሽን ማዕከልም ሰው መሰብሰቢያ መሆኑ ቀረ።

«ለእናንተ ምን ቀረባችሁ?» አለ ልጁ። «ዓውደ ርእይ ሁሌ መስቀል አደባባይ ነው። ከዚህ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ባቡሩ መሥራት አለበት፣ ከሠራም መግቢያ መኖር አለበት። ኦንላይን ቢሆን ቃሊቲም፣ ገላንም፣ ኮዬ ፈጬም እኩል ነው።»

እዚህ ላይ አዟሪው ዝም አለ። ዝም ማለቱ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ዝም እላለሁ። በዚህች ከተማ መጽሐፍ የሚመረቀው፣ የሚወደሰውም የሚተቸውም መሀል ከተማ ነው። ወደ ደቡብ ዳር የሚላክልን ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ መናኸሪያውና ማረሚያ ቤቱ ነው። እኛ ሰፈር ዕቃ ጉምሩክ ይፈተሻል፣ ደራሲ ማረሚያ ቤት ይፈተሻል፤ ቀረጡን ሁለቱም ይከፍላሉ።

አዟሪው ግን ዝምታ አይበረክትለትም።

«ኦንላይን ኦንላይን ትለኛለህ፣ ቃሊቲ ከማንም ቀድማ ኦንላይን ነበረች እኮ። የብርሃኑ ነጋን ‹የነፃነት ጎህ ሲቀድ› ታውቀዋለህ? ደራሲው እዚህ እስር ቤት፣ ማተሚያ ቤቱ ካምፓላ፣ አንባቢው አዲስ አበባና ዋሽንግተን። 1998 ዓ.ም.። ዙም የት ነበር ያኔ?»

«ያ እኮ በድብቅ የወጣ ነው።»

«አንተ ይለፍ ቃል የምትለው እሱን አይደለም?»

ዝርዝሩን እኔ ልጨምርለት። አንዱዓለም አራጌ «ያልተሄደበት መንገድ»ን የጻፈው እዚያው ግቢ ሆኖ ነው። ሲሳይ አጌና ከግቢው ወጥቶ የጻፈውን መጽሐፍ «የቃሊቲው መንግሥት» አለው። ማርቲን ሺቢዬና ዮሐን ፔርሾን የተባሉት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ደግሞ እስራቸውን ቆጥረው ወጡና «438 ቀናት» ብለው አሳተሙት። ወጣቶቹ የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው አሉ። በሚያዝያ 2006 ከዘጠነኛው ስድስቱን ወስደው ስለ ሌሎቹ ዞኖች ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኙ አደረጓቸው። የትኛው አሳታሚ ነው እንዲህ ያለ የደራሲ ስብስብ ያለው?

ተመራቂዎቹስ! መጋቢት 22 ቀን 2012 «በኮሮና ምክንያት ምርጫው አይደርስም» ብለው የነገሩን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ የቃሊቲ ሰው ነበሩ። ብርሃኑ ነጋ ደግሞ በ2014 መስከረም ትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሌላው አገር ሚኒስትር የሚሆነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው፤ እኛ ጋ ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ካምፓስ አለ።

ወደ ክርክሩ። ልጁ ያወረደውን ሁሉ በስልኩ ያሳየው ጀመር። ሰባ መጽሐፍ፣ ሰማንያ መጽሐፍ፣ ሁሉም ከቴሌግራም፣ ሁሉም በነፃ። ገጹ ተጣሞ የተነሣ አለ፣ የአንሺው አውራ ጣት ያለበት አለ፣ ምዕራፍ አምስት የጎደለው አለ።

«ይህን ሁሉ አወረድክ?»

«አወረድኩ።»

«ደራሲውን አንድ ጊዜ አውርደውታል፤ አንተ ደገምከው።»

«ጋሼ፣ የአብዮተኛ መጽሐፍ የሕዝብ ነው። ሐሳብ የግል ንብረት አይደለም።»

«የማተሚያ ቤቱ ዕዳስ የሕዝብ ነው?»

«ዋናው መነበቡ ነው!»

«ፍርድ ቤት በነፃ ያላሰናበተውን ሰው አንተ በነፃ አሰናበትከው።»

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ጀምሮ አለ። በኮሮና ቤት የተቀመጠ አንባቢ ግን አዋጁንም መጽሐፉንም እኩል ነው ያገኘው፤ መጽሐፉን አነበበ፣ አዋጁን ዘለለ። ስለ ብዝበዛ የሚያስተምረውን መጽሐፍ ለደራሲው ሳንቲም ሳይከፍሉ ማንበብ ቲዎሪውን በተግባር ማየት ነው፤ ማን በዝባዥ ማን ተበዝባዥ እንደሆነ ለማወቅ ምዕራፍ አምስት አያስፈልግም።

ልጁ ግን ሞኝ አይደለም። ከአዟሪው ክንድ አንዱን መዘዘና የኋላ ሽፋኑን አየ።

«ወረቀት ነፃ ነው ያለዎት ማነው? በ2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ጋዜጦቹን በውል ያስጨነቀበትን ረሱት? ያልወደደውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ይሰጠኝ ብሎ ነበር እኮ። የወረቀቱም ማጥፊያ መንግሥት ጋ ነው።»

«ለዚህ አይደል ካምፓላ የታተመው!»

«የኔ ደግሞ ካምፓላም መሄድ አያስፈልገውም። የእርስዎ ዓውደ ርእይ እስከ ሳሪስ ነው፣ የኔ እስከ ሚኒሶታ።»

«የሚኒሶታው በዶላር ይግዛኛ! የአንተን ፒዲኤፍ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱ ነው።»

ይህን ተባብለው በሳቅ ተለያዩ። እውነተኛው መልስ የመጣው ሰኔ ላይ ነው።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተገደለ። በዚህ ላይ ተረብ የለም። በማግስቱ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል። ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። ዘመዱን ያጣም ዘመዱን የሚፈልግም መልእክት መላክ አልቻለም።

ያን ጊዜ አገሪቱ አንድ ቴሌ ብቻ ነበራት፣ እሱም የመንግሥት ነው። ሳፋሪኮም ገበያ የገባው በኋላ ነው። ከዓመት በፊት፣ በ2011 ሰኔ፣ በፈተና ሰሞንም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነበር። ለሒሳብ ፈተና የሚዘጋ መስመር ለማኒፌስቶ ክፍት ሆኖ ይቆያል ብሎ ያሰበ ሰው ሒሳቡን መድገም አለበት።

አሁን አስቡት። ዓውደ ርእዩ ልጁ እንዳለው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኖ ሰኔ 23 ጠዋት ቢከፈት ኖሮ ማን መጥቶ ይዘጋው ነበር? ማንም አይመጣም። ድንኳን የሚያፈርስ ደንብ አስከባሪ፣ መጽሐፍ በማዳበሪያ የሚጭን ፖሊስ፣ ከአዘጋጁ ጋር የሚጨቃጨቅ የወረዳ ኃላፊ አያስፈልግም። አንድ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። የኔ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ የሚከለክል ሰው ቢያንስ ላቡ ጠብ ይበል!

የድሮዎቹ ከልካዮች ላባቸው ጠብ ብሏል። በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ወጣ። ጥቂት ገጽ ናት፤ ሦስት መንግሥት አልፎም ጭቅጭቁ አላለቀም። የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» በድብቅ ተባዝቶ እጅ በእጅ ሲዞር ደርግ ቤት ለቤት መፈተሽ ነበረበት፤ ይዞ የተገኘም በሕይወቱ ከፍሎበታል። በ1975 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በኩራዝ አሳታሚ ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ ከየመደብሩ የሚለቅም ሰው መላክ ግድ ሆነ። በዓሉ በዓመቱ ወጥቶ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን ከለቃሚዎቹ አምልጦ በየቤቱ ተደብቆ ተነበበ። የተሸጠውን ቅጂ ከገዛው ሰው ትራስ ሥር የሚያጠፋ ማጥፊያ አልተሠራማ።

የመንግሥት መጽሐፍ ይህ ሁሉ አይነካውም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ «መደመር» በጥቅምት 2012፣ ኮሮና ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ ከአዲስ አበባ አልፎ በየከተማው አዳራሽ ሞልቶ ተመረቀ። አዳራሽ ለሚያገኝ ኦንላይን ትርፍ ነው፣ አዳራሽ ለማያገኝ ግን ብቸኛ ቤቱ ይሆንና አከራዩ ያው ከልካዩ ይሆናል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መስመሩ ተመለሰ፣ ልጁም ተመለሰ። አዟሪው እንዲህ ያለውን ቀን አያሳልፍም።

«እሺ፣ ዓውደ ርእይህ እንዴት ሰነበተ? ጎብኚ በዛ?»

«ይሳቁብኝ። ፈረንጆቹ ግን ያደርጉታል።»

(ያደርጉታል። ጥቅምት ላይ የፍራንክፈርቱ ግዙፍ የመጻሕፍት ዓውደ ርእይ የኤግዚቢሽን አዳራሾቹን ዘግቶ በኢንተርኔት ዋለ። ፍራንክፈርት ግን መስመሩን በጅምላ የሚቆርጥባት የለም፤ ቢቆረጥባትም የምትከሰው ሌላ ሳይሆን ራሱን ቆራጩን ነው፣ ከሳሹም ማታ ቤቱ ይገባል።)

«የእነሱን ተወው፣ ያንተን ንገረኝ። እነዚያ ሰማንያ መጽሐፍህ የት ገቡ?»

«የትም አልገቡም፤ ስልኬ ላይ ናቸው። እንዲያውም ኔትወርክ በጠፋበት ሦስት ሳምንት የሰጠሁት ከዚያ በፊት በዓመት ከሰጠሁት ይበልጣል። ሰው ሥራ የለው፣ ፌስቡክ የለው፣ ማንበብ ጀመረ።»

«ኔትወርክ በሌለበት በምን ሰጠህ?»

«በፍላሽ፣ በብሉቱዝ፣ በዜንደር። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ፎቅ ለፎቅ። ስልክ ከስልክ አጠጋግተን።»

አዟሪው መጽሐፎቹን ከግራ ክንዱ ወደ ቀኙ አዛወረ።

«ርቀታችሁን ሳትጠብቁ?»

«ማስክ አድርገን።»

«እጅ በእጅ ነዋ!»

«እንደሱ ማለት ይቻላል።»

«ሚኒሶታ ይደርሳል ያልከው ዓውደ ርእይ በእግሩ ከቱሉ ዲምቱ ገላን ሄደ በለኛ። እኔ ሃያ ዓመት የማደርገውን እኮ ነው። ታዲያ ከኔ በምን ተለየህ?»

«እኔ አልከብድም። ሰማንያ መጽሐፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ፖሊስ ቢይዝዎት እርስዎ ክንድዎ ላይ ተቆልሎ ይታያል።»

ይሄኛው መልስ ለልጁ ይቆጠርለት። አዟሪውም ቆጥሮለታል፤ ራሱን ነቅንቆ አንድ ያረጀ መጽሐፍ ከቁልሉ ሥር መዘዘና ሰጠው። ምዕራፍ አምስት የጎደለችው ያቺ መጽሐፍ ነች፤ ይቺ ሙሉ ናት። ልጁ ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ምዕራፉን አገኘው፣ ስልኩን አወጣና ገጹን ፎቶ ሊያነሣ ሲል አዟሪው እጁን መጽሐፉ ላይ ጫነ።

«መጽሐፉ እጅ በእጅ ከሆነ ገንዘቡስ?»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ፤ የታክሲ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም እጥፍ ስለሆነ አይነካም።

«በሲቢኢ ብር ልላክልዎት?»

«ላክ፤ አሁኑኑ።»

ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አደረገ፣ ወደ ባቡሩ ሐዲድ አዞረው፣ ወደ ጉምሩኩ አዞረው፣ መልሶ አወረደው።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ።»