አዋዜ፦ ስለ ባሕርዩ፣ ስለ ዝርያዎቹና ስለ ብልቃጡ

ስለ አዋዜ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ አስቀድሞ አንድ የማይጥም እውነት መናገር ግድ ይለዋል። የበርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በወዲህኛው ዓለም በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም፤ እኛም ዘንድ የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ላይ የዕፅዋትም የታሪክም ሊቃውንት ይስማማሉ። እናቶቻችን ግን አይስማሙም። «ታዲያ ከዚያ በፊት ሰው በምን ይበላ ነበር?» ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ይህ ጥናት ሳይነካው ያልፋል።

ሁለተኛው እውነት ደግሞ በርበሬ ፍሬ መሆኑ ነው፤ አበባው ረግፎ ዘሩን በሆዱ ይዞ የሚቀር፣ እንደ ብርቱካንና እንደ ማንጎ ያለ ፍሬ። ህንዶች ማንጎን ከስኳር፣ ከሆምጣጤ፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ቀቅለው ቸትኒ ሲሉት ዓለም አጨበጨበላቸው። እኛ ፍሬውን አድርቀን፣ ወቅጠን፣ በጠጅ ወይም በማር አሽተን፣ በኮረሪማ አሳምረን ስናስቀምጥ ግን «እስቲ አዋዜውን አቀብይኝ» ከማለት ያለፈ ክብር አልሰጠነውም። በአመዳደብ ሕግ ከሄድን የአዋዜ ቦታ ከማርማላታ ጎን ነው። በተግባርም የሚገኘው እዚያው ነው፤ ብልቃጡ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ማቃጠሉን በተመለከተ፣ ተጠያቂው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚከማቸውም፣ እንደሚታማው፣ ዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ አካል ውስጥ ነው። ተክሉ ይህን መከላከያ ያበጀው አጥቢ እንስሳት ፍሬውን አኝከው ዘሩን እንዳያጠፉበት ነው ይባላል። ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም፤ ውጠው ይሄዱና ዘሩን ይዘሩለታል። ድንቅ ዕቅድ ነበር። ማረቆና ሀላባ ሲደርስ ግን ፈረሰ፤ ዛሬ እዚያ በየማሳው ኮትኩቶ የሚያሳድገው ራሱ ያ የተፈራው አጥቢ ነው።

ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 ማቃጠልን የሚለካ ዘዴ አወጣ፦ የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠኑ፣ ማቃጠሉ እስኪጠፋቸው ድረስ ለቀማሾች መስጠት። በእኛ ቤት ያለው ዘዴ ማቅጠን አያውቅም። ምራት ግራ መዳፏን ትዘረጋለች፤ በማንኪያ ጫፍ ጠብ ይደረግላታል፤ ትልሳለች፤ ጥቂት ጣሪያ ታያለች። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል።

«ጨው ያንሰዋል መሰለኝ፣ እትዬ።»

«ጨው? እስቲ ድገሚው፣ የኔ ልጅ።»

«ኧረ ልክ ነው። ምንም አይጎድለው።»

ስኮቪል ቀማሾቹን ሲሰበስብ አማት አላስቀመጠባቸውም፤ ውጤቱን በዚህ ዐይን ማየት ያስፈልጋል።

አዋዜ በሚታሸበት ፈሳሽ በአራት ይመደባል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የሚታሸው የአዘቦት አዋዜ ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ካላለቀም ቶሎ ይበላሻል። ባለ ጠጁ ጣፋጭና ጨዋ ነው፤ መጀመሪያ ምላስን ይሸነግላል፣ ማቃጠሉን ኋላ ያመጣል። ባለ አረቄው «እንዲቆይ ነው» እየተባለ ይሠራል፤ አረቄውን ይዞ የሚመጣው ሰው ግን አዋዜውን አስቆይቶት አያውቅም። ባለ ማሩ ቤተሰብ ይከፍላል፤ ግማሹ «ለዛ ይሰጠዋል» ሲል ግማሹ «ብርዝ ነው እንዴ?» ይላል። ስኳር የሚጨምሩም አሉ። ስለ እነሱ ይህ ጥናት ዝም ይላል።

የወላይታ ዳጣ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። ሙከራው ተደርጎ ነበር፤ ቁርጥ ፊት ተቀምጦ ማስታወሻ መያዝ ስላልተቻለ ተቋረጠ። ስናፍጭ የሩቅ ዘመድ ነው፣ እንለፈው።

አሠራሩም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጨው ጋር ይወቀጣል፤ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ ይገባል፤ ፈሳሹ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይታሻል፤ ከላይ ዘይት ይፈስበታል። ያሸ እጅ እስከ ማግስቱ ዐይን አጠገብ ድርሽ አይልም። በብሌንደር ይቻላል የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ አያቶች እስካሉ ድረስ አይቻልም።

ወደ ብልቃጡ እንምጣ። ለአዋዜ ተብሎ የተገዛ ብልቃጥ ያለው ቤት ይህ ጥናት አላገኘም። አዋዜ ሁልጊዜ በሌላው ቤት የሚኖር ተከራይ ነው፤ የማዮኔዝ ብልቃጥ፣ የኔስካፌ ብልቃጥ፣ ሲከፋም የውኃ ፕላስቲክ። ከሁሉ የሚከበረው የማርማላታ ብልቃጥ ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ማንኪያ ያስገባል፤ ክዳኑም ግጥም ይላል። የተለጠፈበት ወረቀት ታጥቦ ታጥቦ ግማሹ ይቀራል፤ ግማሽ እንጆሪ፣ ከሥሩ በፈረንጅ አፍ የተጻፈ የስኳር መጠን። በፍሪጁ በር ላይ ከእውነተኛው ማርማላታ ጎን ይቆማል። ቀለማቸውም ያው ነው።

ልጅ ከትምህርት ቤት ርቦት ይመጣል። ዳቦ ይቆርጣል፤ ይቀባል፤ ማንም ስለሌለ በልግስና ይቀባል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጩኸት የሰማ ሁሉ ውኃ ይዞ ይሮጣል፤ ስሕተት ነው። ካፕሳይሲን የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውኃ ስላልሆነ የሚያስታግሰው ወተት ወይም እርጎ ነው። እናትየዋ ይህን ታውቃለች፤ ወተቱን እየሰጠች አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

«ማንኪያው ደረቅ ነበር?»

ጥያቄው ጭካኔ አይደለም። አዋዜን ወራት የሚያቆየው ጨው፣ የውኃው ማነስና ከላይ የተኛው ዘይት ነው። ሻጋታ አየርና እርጥበት ይፈልጋል፤ ዘይቱ ካልተነካ አየር አያገኝም፣ አንዲት እርጥብ ማንኪያ ከገባች ግን ሳምንት ሳይሞላ ጠርዙ ላይ ነጭ ጸጉር ይወጣል። ከእርጥብ ማንኪያ የሚከፋ ወንጀልም አለ፤ እንጀራን ቆርሶ በቀጥታ ብልቃጡ ውስጥ መንከር። ይህ የሚፈጸመው በሌሊት፣ በፍሪጁ መብራት፣ በቁም ነው። ጠዋት ማስረጃው ይገኛል፦ ዘይቱ ተገምሷል፤ አንድ የእንጀራ ፍርፋሪ ዐይኖቿን አፍጥጣ ዳር ላይ ተቀምጣለች። አባወራው ሲጠየቅ ልጁ ነው ይላል። ልጁ ከዳቦው ቀን ጀምሮ ወደዚያ በር አይጠጋም።

ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ጠባይ ይታያል። አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ቅሪት ከታች ትቀራለች፤ እሷን የሚነካ የለም። «ማን ጨረሰው?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ላይ እንዲመጣ የሚፈልግ ስለሌለ፣ ሁሉም ይከፍታል፣ ያያል፣ ይከድናል። ቅሪቷ ደርቃ ከብልቃጡ ጋር እስክትጋባ ድረስ እዚያው ትከርማለች። እንግዳ ሲመጣ «ያለችው ይቺው ናት» ተብላ በክብር ትቀርባለች፤ እንግዳም በጨዋነት አይነካትም።

ከዚህ በኋላ ስለ ቀለም፣ ስለ ሽታና ስለ አቀማመጥ የሚቀጥሉ ምዕራፎች ታቅደው ነበር። አይጻፉም፤ ምክንያቱም የጥናቱ ዋና ናሙና ቤት ውስጥ የለም። «ትንሽ ላቅምስ» ተብሎ ከነብልቃጡ ተወስዷል። አጥኚው በዚህ ላይ ገለልተኛ ሆኖ ለመቀጠል ሞክሯል፣ አልቻለም። ከብልቃጡ ጋር ክዳኑም ሄዷል። ክዳንን ደግሞ ጨው ይበላዋል፤ ቆርቆሮው ዝጎ ከጠርዙ ይነሳል፤ ስለዚህ የአዋዜ ቤት ሁሉ በብልቃጥ ሲሞላ በክዳን ደኻ ነው። በአፉ ላይ ፌስታል ወጥሮ በላስቲክ ማሰር ይቻላል፤ ፍሪጁን ግን ሽታው ይወርሰዋል፣ ቅቤውም ኬኩም አዋዜ አዋዜ ይላል።

ስለዚህ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ አዋዜውን ብሉት። ብልቃጡም ይቅርላችሁ። ክዳኑን ግን መልሱልን፤ ሌላ አይገጥመውም።