ትናንት ደኅና ነበር

የጊችን ብርድ ያደረበት ያውቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ነውና ጎህ ሲቀድ ጓሳው አመዳይ ለብሶ ይታያል፤ ጣት ገመድ አልጨብጥም ይላል። በዚያ ማለዳ ያቻኮለኝ ብርዱ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከደባርቅ ተነስተን ሳንቃበር አደርን፤ በማግስቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ጊች ወጣን። በቅሎዎቹን የሚነዱት ሽማግሌ እዚያው ጊች ተወልደው ያደጉ፣ በ2008 ዓ.ም. የመንደሩ ሰው ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥቶ ደባርቅ ሲሰፍር አብረው የወረዱ ናቸው። ከመጫናቸው በፊት ሁልጊዜ መዳፋቸውን በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ያስኬዳሉ፤ እብጠት ወይም የገጣባ ጅምር ይፈልጋሉ። አራቱንም ሰኮና እያነሱ ጠጠር ያወጣሉ። ጠፍሩን በየቋጠሮው ይጎትታሉ።

ያን ጠዋት ሌላዋን በቅሎ ፍለጋ ሄደው ነበርና ዳማዋን እኔና አንድ ወጣት ጫንናት። ጀርባዋን ስነካት ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። «ብርዱ ነው» አልኩ። ወጣቱ «ጠፍሩንስ አንየው?» ሲለኝ «ትናንት ደኅና ነበር» ብዬ መለስኩለት።

ወደ ሳንቃበር ስንመለስ የጅንባርን ቁልቁለት እንደጀመርን በጭራዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ተበጠሰ። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ለካ ትናንት ወደ ወንዙ ስንወርድ ሳስቶ ኖሯል፤ ከወንዙ ወዲያ ዳገት ስለሆነ ሳይበጠስ ጊች ገባ። ጭነቱ አንገቷ ላይ ሲወርድባት በረገገች፤ ተንበረከከችና ጉልበቷ ተላጠ። ዕቃውን ስናወርድ ጀርባዋ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት አገኘን።

ሽማግሌው ደርሰው ዳበሱት። «ነግራህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገሩ የከበደኝ ለእኔ አዲስ ስላልሆነ ነው። ቃሊቲ በአንድ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። ሥራ ሳይጀመር በየቀኑ የሚሞላ ቅጽ ነበረን፦ ሹካው ተሰንጥቋል? ሰንሰለቱ ላልቷል? የሃይድሮሊክ ዘይት ያንጠባጥባል? ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ክላክሱስ? የአሜሪካ ደንብ ፎርክሊፍት ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ከሆነም ከእያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ እንዲፈተሽ ያዛል። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እኔ ግን የሳምንቱን ቅጽ ሰኞ ዕለት ሞልቼ ጨረስኩት። ሐሙስ የዘይቱ ቱቦ ፈነዳና ወደ ላይ ያነሳሁት ፓሌት ቁልቁል ወረደ። ከአንድ ደቂቃ በፊት አንድ ጫኝ በሥሩ አልፎ ነበር።

ጠፍርንም ሆነ ቱቦን የሚያሳሳው የትናንቱ ሥራ ነው። ስለዚህ «ትናንት ደኅና ነበር» ማለት ዛሬን ለማየት ምክንያት እንጂ መተማመኛ አይሆንም። በቅሎ ሲያማት ቆዳዋ ይናገርላታል። ማሽን ያለው ምልክት ግን ወለል ላይ የምትቀር አንዲት የዘይት ጠብታ ናት፤ እሷንም የሚያያት ጎንበስ ያለ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሳንቃበር ላይ ዳማዋ ያለ ጭነት ቆመች። ሽማግሌው እጄን ይዘው በሌላዋ በቅሎ ጀርባ ላይ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ በቀስታ አስኬዱት። ቆዳዋ አልተንቀጠቀጠም። ጠፍሩን በየቋጠሮው ጎተትኩ፤ ከዚያም ሰኮናዋን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።