«512 ይበቃዋል» ላልከው ወዳጄ

«ለዚህ ታስክ 512 ስታክ ይበቃዋል» አልከኝ። ማን ነገረህ? «ከድሮው ፕሮጀክት ገልብጬው ነው።» የድሮው ፕሮጀክት ባለቤትስ? እሱም ገልብጦ። እንግዲያማ ቁጥሩ የዘር ሐረግ አለው እንጂ ስሌት የለውም!

ደግሞስ 512 ምን? ባይት ነው ወርድ? ዝም አልክ። ፍሪአርቶስ ላይ ታስክ ስትፈጥር የምትሰጠው ቁጥር በወርድ ነው፤ ባለ 32 ቢት ቺፕ ላይ 512 ማለት 2048 ባይት ነው። ያንኑ ኮድ ወደ ኢኤስፒ-አይዲኤፍ ብትወስደው የሚቆጠረው በባይት ነው። በለው! ከስታክህ ሦስት አራተኛው ድንበር ላይ ተወረሰ።

«ታስኩ እኮ መብራት ከማብራትና ከማጥፋት በቀር ሥራ የለውም።» ታዲያ መሀሉ ላይ ፕሪንትኤፍን ማን ጠራው? «ለዲበግ ነው።» ያ 256 ባይት አሬይስ? «እሱ ለጊዜው ነው።» ወንድሜ፣ ስታክም የሚሞላው ለጊዜው ነው።

«ኢንተራፕት አያሳስበኝም፤ ኮርቴክስ-ኤም ላይ የራሱ ስታክ አለው» ብለህ ደግሞ ኮራህብኝ። ጎበዝ፣ ግማሹን አንብበሃል! ኢንተራፕቱ ሲገባ ቺፑ ስምንት ሬጅስተር፣ ማለትም 32 ባይት፣ የሚከምረው በተቋረጠው ታስክ ስታክ ላይ ነው። ኮርቴክስ-ኤም3 ላይ ታስክ ሲቀየር ሌላ 32 ይጨመራል። ኤም4 ላይ ፍሎት ከነካህ ደግሞ ሃርድዌሩ ብቻውን እስከ 104 ባይት ቦታ ይይዛል። ይህን ሁሉ አንተ ሳትጽፈው ነው እንግዲህ።

«በግምት ብቻ አይደለም፣ ለክቼዋለሁ! ሃይ ዋተር ማርኩ ግማሹ ባዶ ነው አለ።» እሱስ አልዋሸም። ፍሪአርቶስ ስታኩን መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ባይት ይሞላዋል፤ በኋላ ሳይነካ የቀረውን ቆጥሮ ይነግርሃል። የሚነግርህ ግን የደረሰውን ነው። ሴንሰሩ ተነቅሎ ያውቃል? ኔትወርኩ ተቋርጦ፣ የስህተት ፈንክሽኑ ተጠርቶ ያውቃል? «ኧረ እስካሁን ሰላም ነው።» ይሄማ ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥሮ የሰርግ ድንኳን መከራየት ነው።

«ቢሞላም ሲስተሙ ይይዘዋል።» ይይዘዋል፣ የስታክ ፍተሻውን ካበራኸው፤ ያውም ታስክ ሲቀየር። እስከዚያ የጎረቤቱ ቫሪያብል ተረግጦ አልቋል። በዚያ ላይ ፍተሻው የሚያየው የስታኩን የመጨረሻ ጥቂት ባይቶች ነው፤ ትልቅ አሬይ ሳይነካቸው ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።

«ትልልቆቹስ እንዲህ ይቆጥራሉ?» ብለህ ልታፋጥጠኝ ነው? ትልቁን ላምጣልህ። በ2013 ኦክላሆማ ውስጥ በቶዮታ ላይ በተመሠረተው ክስ የከሳሽ ወገን ባለሙያ ማይክል ባር የ2005 ካምሪን ሶፍትዌር መርምሮ መሰከረ። ኩባንያው ስታኩ ቢበዛ 41 በመቶ ይያዛል ብሎ ነበር፤ ባር ያገኘው 94 ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በፈንክሽን ፖይንተር የሚጠሩ አንዳንድ ፈንክሽኖች፣ የላይብረሪና የአሴምብሊ ኮድ፣ ታስክ ሲቀየር የሚፈጀው ሁሉ ከቆጠራው ቀርቶ ነበር። ኮዱ ውስጥ የነበረው ሪከርዥን ደግሞ በ94ቱ ውስጥም የለም። ልብ በል፣ እነሱ እንኳ ቆጥረው ነው የጎደለባቸው፤ አንተ ገልብጠህ!

እንግዲያውስ አንተም ቁጠር። ጂሲሲ ላይ ኤፍ-ስታክ-ዩሴጅ የሚባለውን አማራጭ አብራው፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን ስንት ባይት እንደሚወስድ በፋይል ይጽፍልሃል። ከዚያ ጥልቁን የጥሪ ሰንሰለት ተከትለህ ደምር። በፖይንተር የሚጠሩትን ፈንክሽኖች በእጅህ ቁጠር፣ የኢንተራፕቱንና የታስክ መቀየሪያውን ጨምር፤ ከዚያ ሴንሰሩን ንቀልና ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ የረሳኸው ጥሪ ወይም ያልሄድክበት መንገድ አለ ማለት ነው። ትርፍም ተውለት። ሪከርዥን ካለህ ግን ለመደመር አትድከም፤ መጀመሪያ እሱን አውጣው።