ግራ እግሬን ማን ሥራ አስፈታው?

ዘንድሮ ሐዋሳ ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚያውቅ ወጣት ጠፋ። የልጅ ልጄ ቪትዙን ከአቶቴ አስነስቶ ፍቅር ሐይቅ እስኪደርስ ማርሹን አንዴም አይነካውም። ግራ እግሩ ገና ሥራ ሳይጀምር ጡረታ ወጥቷል። «ማርሽ ቀይር እንጂ!» ስለው፣ «አባባ፣ እሱ ራሱ ያውቃል» ይለኛል።

እሱ ማነው? እኔ በኤንትሬ ከዲላና ከአለታ ወንዶ ቡና ሳመላልስ የሚያውቀው ሾፌሩ ነበር። ሞተሩን በጆሮዬ አዳምጬ፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጬ ነው ጥርስን ከጥርስ የማገናኘው። ከተንጫረረብኝ ረዳቴ ይስቅብኛል፣ እኔም አፍራለሁ። አሁን የሚያፍር ሾፌር የለም፤ የሚስቅ ረዳትም የለም።

ነገሩ አላስተኛ ቢለኝ ጋራዥ ሄጄ አስፈትቼ አየሁት። ያ «እሱ» የሚሉት ለካ ዘይት ኖሯል! ሞተሩና ካምቢዮው በፍሪሲዮን አይያያዙም፤ መሃላቸው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዘይት የሞላው ክብ ብረት አለ። ሞተሩ አንዱን ክንፍ ሲያሽከረክር የሚወረወረው ዘይት ሌላውን ያዞረዋል። ዲ ላይ ሆኖ ፍሬኑን ስትለቁት ነዳጅ ሳትሰጡት መንፏቀቅ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። በእኛ ጊዜ ሳይታዘዝ የሚሄድ መኪና ጎማው ሥር ታኮ ይደረግለት ነበር።

የማርሹ ቅያሬማ፣ በድሮዎቹ ኦቶማቲኮች፣ የሶንጎ ሽምግልና ነው። በአንድ ወገን መኪናው በፈጠነ ቁጥር የሚበረታ የዘይት ግፊት ይቀርባል። በሌላው ወገን ነዳጅ መስጫውን በረገጣችሁት መጠን የሚበረታ ግፊት ይሟገተዋል። መሃል ያለችው ቫልቭ ወደ ተረቺው ወገን ትሸሻለች፦ ፍጥነት ከረታ ማርሹ ይጨምራል፣ እግር ከረታ ባለበት ይቆያል ወይም ይወርዳል። ይህንንስ እሺ ብያለሁ። አሁን ግን ሽማግሌዎቹን አስነስቶ ወንበሩን ኮምፒውተር ወስዶታል፤ ፍጥነቱንና እግራችሁን በሴንሰር እየሰማ ቫልቮቹን በኤሌክትሪክ ያዛል። ከኋለኞቹ ቪትዞች ብዙዎቹ ጭራሽ የማርሽ ደረጃ የላቸውም፤ የብረት ቀበቶ በሚሰፉና በሚጠቡ ሁለት ፑሌዎች ላይ ይሮጣል። ስንተኛ ላይ ነህ ብዬ እንኳ እንዳልቆጣ ቁጥር የለው!

አሜሪካኖቹ የጀመሩት በጊዜ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ያለውን ካምቢዮ በኦልድስሞቢል ላይ ገጥሞ ገበያ ያወጣው በ1932 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን ጣልያንን ለማስወጣት በዱር በገደሉ ሲዋደቁ፣ እነዚያ ከፍሪሲዮን ነፃ ወጡ።

የኔ ጠብ ግን ሌላ ነው፤ ካምቢዮው ዳገት አያይም። እኔ ወደ ሐገረ ሰላም ስወጣ ኩርባውን ከሩቅ አይቼ ማርሽ ቀድሜ አወርዳለሁ። እሱ የሚነቃው ፍጥነቱ ከወደቀ፣ እግር ከከበደ በኋላ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ሆና ገበናውን ሸፈነችለት እንጂ! ከፒያሳ አሞራ ገደል ድረስ ምን ዳገት አለና?

ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም። በቀደም ባትሪው ሞተና የሰፈሩ ጎረምሶች ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ገፉት። ድሮ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ስታደርግ ሞተሩ ይነሳል፤ ገፊውም ተመርቆ ይሄዳል። የኦቶማቲክን የዘይት ፓምፕ የሚያዞረው ግን ሞተሩ ነው። ሞተር ካልተነሳ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ጎማና ሞተር አይተዋወቁም። ሻሸመኔ ድረስ ቢገፉት ገፍተው ይመለሳሉ እንጂ አይነሳም።

ይህንን መሳደብ ገና ስለምድ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት አብዛኞቹ የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም አሉኝ። እንግዲህ በምን ልቆጣ?

እስከዚያው ኦቶማቲክ የምትነዱ ልጆቼ፣ ከሐገረ ሰላም ቁልቁል ስትወርዱ ዲ ላይ ትታችሁት ፍሬን ላይ ብቻ አትተኙ፤ ሸራው ይቃጠላል። እንደ መኪናችሁ ኤል ወይም 2 ላይ አድርጉትና ሞተሩ ይያዝላችሁ። የካምቢዮውንም ዘይት መኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ብቻ አስሞሉ፤ የሞተር ዘይት አይሆንለትም።